ኮርማ ለቡሬ

የኢብቲሳም አባት እንደሚሉት ጊደሯን ዳለቲን የገደላት ኮርማው ነው። «ያ የወጣው ጥጃ አልነበረም፤ ወይፈን ነበር! ገና ከእናቱ ሆድ ሳይወጣ ትከሻው እንዲህ። ታዲያ በየት በኩል ይውጣ?» ይላሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

አጎቷ መሀመድአወል እንደሚለው ደግሞ ዳለቲን የገደሏት አባቷ ናቸው። «ከማለዳ ጀምሮ ስታምጥ ‹ቆይ፣ ራሷ ትገላገላለች› እያለ አስቀመጣት። ሐኪሙ የተጠራው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ወላሂ፣ ኮርማው ምንም ጥፋት የለበትም!» ይላል።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ቀንና ስለ አንድ በረት ነው። ኢብቲሳምም እዚያው ነበረች። የጥጃው እግር የታሰረበትን ገመድ ከአባቷ ጋር ስትጎትት መዳፏ ተልጧል። ጥጃው ሞቶ ወጣ፤ ዳለቲም ሳይመሽ ተከተለችው። ከዚያ ወዲህ ግን «አንቺስ ምን አየሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ከዚያ ወዲህ በአንድ ሳህን በልተው አያውቁም።

ዛሬ ዓርብ ጠዋት፣ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት ልትወጣ ስትል፣ ያው ክርክር በግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ዘንድሮ ግን የሚከራከሩት ስለ ሞተችው ብቻ አይደለም፤ ስለ ቡሬ ነው።

«የሰው ሠራሽ ማዳቀል ዘመቻው ነገ እኛ ቀበሌ ይመጣል» አለ አጎቷ። «ቡሬ ለኮርማ የሚያደርሳትን መርፌ ተወግታለች፤ ነገ ኮርማ ትፈልጋለች። ከወይብ ነው የማዳቅላት። የአደላቢዎች ማኅበራችን የወይብን ልጆች ነው የሚፈልገው። ልጁ በዓመቱ ሰንጋ የሚመስልለት ሌላ ኮርማ ከየት ይመጣል?»

«ወይብ!» አሉ አባቷ፤ የዳለቲ ጥጃ አባት የሆነውን ኮርማ ስም የመረረ ነገር እንደ ቀመሰ ሰው ተፉት። «እኔ ጎረቤታችን ጉሉማ ቤት ነው የምወስዳት። የጉሉማን ኮርማ በዐይኔ አየዋለሁ፤ ቁመቱን፣ ሻኛውን፣ አረማመዱን። ወይብን ግን ማን አየው? አንተ አይተኸዋል?»

«ቁጥሩን አይቻለሁ!»

«ቁጥር አይወልድም፣ ያ መሀመድአወል!»

ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ እሷ ዞሩ። ይህንን ነበር የፈራችው።

ኢብቲሳም ስትወለድ፣ እትብቷ በተቆረጠበት ዕለት፣ አባቷ አንዲት ጥጃ ሰጥተዋታል። እንዲህ ያለው ስጦታ ሀንዱራ ይባላል። ከዚያች ጥጃ የሚወለደው ሁሉ የእሷ ነው፤ ያለ እሷ ቃል አይሸጥም፣ አይታረድም፣ ኮርማም አይመረጥለትም። ያቺ ጥጃ ላም ሆነች፣ ወለደች፣ አርጅታ ሞተች። ሁለት ሴት ልጆች ተወች፤ ዳለቲንና ቡሬን። አሁን የቀረችው ቡሬ ብቻ ናት።

ለዳለቲ ኮርማ ሲመረጥም ጠይቀዋት ነበር። የፈተና ሰሞን ስለነበር ከደብተሯ ቀና እንኳ ሳትል «እናንተ እንዳላችሁ» አለች። ለሰከንድ ያህል ያወራችው ነገር ነው። አሁንም ያው ቃል አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው።

«ነገ እነግራችኋለሁ» አለችና ሁለቱንም ሳታይ በመካከላቸው አልፋ ወጣች።

* * *

ክፍል ውስጥ እግሯ አላርፍ አለ። የባዮሎጂ መምህሯ ሰርክአዲስ ፈተና እየመለሱ ነበር።

«ኧረ እግርሽን!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ቢሊሱማ። «ዴስኩ በአንቺ ምክንያት ጎባ ሊደርስ ነው።»

ኢብቲሳም ጉልበቷን በእጇ ያዘችው። ሲለቁት እንደገና ጀመረ።

መምህርቷ ወረቀቷን ዴስኩ ላይ አስቀመጡና ትንሽ ቆም አሉ። «የዙሀይራ እህት ሆነሽ ይኼ ውጤት…» ብለው ሳይጨርሱት አለፉ።

ዙሀይራ ታላቅ እህቷ ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት ከዚሁ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥታ ሕክምና ልትማር የሄደች። ኢብቲሳም ወረቀቱን ገለበጠችው። ውጤቷ ክፉ አልነበረም። የዙሀይራ እህት ባትሆን ኖሮ እንዲያውም ደህና ነበር።

በእረፍት ሰዓት ለቢሊሱማ ሁሉንም ነገረቻት።

«ላሽ በያቸው» አለች ቢሊሱማ፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች። «‹አላውቅም› በይ። አንቺ ተማሪ ነሽ፣ የኮርማ ደላላ አይደለሽም።»

«ለዳለቲ ጊዜ እንደዚያ ነበር ያልኩት።»

ቢሊሱማ መቆርጠም አቆመች። ዳለቲን ታውቃታለች፤ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ፎቶ ተነስታለች። «እሺ» አለች ቀስ ብላ፤ «ከክፍል ስንወጣ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

የከብት ሕክምና ጣቢያው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከስንዴ መጋዘኖቹ ጀርባ ነው። ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ በኩል ይነፍሳል፤ ገለባና አቧራ አንስቶ የተማሪዎቹን ሻሽ ይጎትታል። በጣቢያው ግድግዳ ላይ ለዘመቻው ዘራቸው የተዘጋጀ ኮርማዎች ዝርዝር ተለጥፏል፤ የአንድ የምርምር ፕሮጀክት ሥራ ነው። ኮርማዎቹን በባሌ ወንዞች ስም ሰይመዋቸዋል፦ ወይብ፣ ሻያ፣ ቶጎና። ለእያንዳንዱ ሦስት ቁጥር አለ። አንዱ ልጆቹ ሲወለዱ ከአማካይ ጥጃ በስንት ኪሎ እንደሚበልጡ ወይም እንደሚያንሱ፣ ሁለተኛው ዓመት ሲሞላቸው በስንት ኪሎ እንደሚበልጡ ይገምታል። ሦስተኛው የግምቱ እርግጠኝነት ነው፣ ከመቶ።

ቢሊሱማ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች። «ወይብ፦ ሲወለድ አራት ኪሎ ይበልጣል። በዓመቱ ሠላሳ ስምንት ይበልጣል። ያ አላህ! ሻያ፦ ሲወለድ ሁለት ኪሎ ያንሳል፤ በዓመቱ ዐሥራ አራት ይበልጣል። እሱ ደባሪ ነው። ቶጎና…» ጣቷ ቆመ። «ኢቡ! ቶጎናን እይው! ሲወለድ ሦስት ኪሎ ያንሳል፣ በዓመቱ ደግሞ ሠላሳ አምስት ይበልጣል። ለአባትሽ ትንሽ ሆኖ ይወለዳል፣ ለአጎትሽ ትልቅ ሆኖ ያድጋል። ይኼ ኮርማ ሳይሆን ሽማግሌ ነው፤ ሁለቱን ያስታርቅልሻል። አለቀ!»

ኢብቲሳም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። እውነትም አለቀ። ልትዞር ስትል ግን ዐይኗ የቶጎና ሦስተኛ ቁጥር ላይ አረፈ። የወይብና የሻያ እርግጠኝነት ወደ ዘጠና ይጠጋል። የቶጎና ሠላሳ ይላል።

«ምን ፈለጋችሁ፣ እናንተ ልጆች?» አለ ከበስተኋላቸው ሞተር ሳይክሉን የሚያጥብ ሰው። አዳቃዩ ባዳሳ ነው፤ ዳለቲንም ያዳቀላት እሱ ነበር።

«ጋሽ ባዳሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ኧረ ‹አንተ› በይኝ፤ ገና ሚስት እንኳ አላገባሁም።»

ቢሊሱማ ሳቀች። ኢብቲሳም አልሳቀችም። «የቶጎና ሠላሳ ምን ማለት ነው?»

ባዳሳ እጁን በሱሪው ጠርጎ መጣ። «ማለት ቶጎና ወጣት ነው። የተመዘኑት ልጆቹ በጣም ጥቂት ናቸው። ቁጥሩ ባብዛኛው ከአባቱና ከእናቱ የተገመተ ነው። ልጆቹ ሲበዙ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፣ ሊወርድም ይችላል። ያን ጊዜ ‹ሦስት ኪሎ ያንሳል› ያልነው ‹ሦስት ኪሎ ይበልጣል› ሊሆን ይችላል።»

«በአንድ ኩዊዝ የዓመቱን ውጤት እንደ መናገር» አለች ቢሊሱማ።

«እንዲያውም ኩዊዙን የተፈተኑት ወላጆቹ ናቸው።»

ኢብቲሳም የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመችው። «የወይብስ? የወይብ ወደ ዘጠና ነው። ስለዚህ የዳለቲ ጥጃ ትልቅ እንደሚሆን ቀድሞ ይታወቅ ነበር ማለት ነው?»

ባዳሳ ወደ ዝርዝሩ ጠቆመ። «የአንዱን ጥጃ ቁጥሩ አይነግርሽም። የብዙ ልጆቹን አማካይ ነው የሚነግርሽ። ከአንድ ኮርማና ከአንዲት ላም የተወለዱ ሁለት ጥጆች እንኳ አንድ ዓይነት አይሆኑም።»

«ይኼንን ለመምህራችን ንገርልኝ» አለች ኢብቲሳም ሳታስበው። ባዳሳ አልገባውም፤ ቢሊሱማ ግን በክርኗ ጎሸመቻት።

«ግን አዎ» ብሎ ቀጠለ ባዳሳ። «የመክበዱ ዕድል ሰፊ ነበር። ወይብ መጥፎ ኮርማ አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ለወለደች ላም ሸጋ ነው። ለጠባብ ጊደር ግን አይሆንም። አጎትሽ ‹ወይብ› አለኝ፣ እኔም ወይብን ሰጠሁ። ወልዳ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከብቱ እስከ መንገዱ ተሰልፎ ነበር፤ እኔም ቸኩዬ ነበር።» ዝናብ እንደ መታው ሰው አንገቱን ቀበረ። «አጎትሽም ዳለቲ ያልወለደች ጊደር መሆኗን እያወቀ ነው ወይብ ያለው። ትልቁን ቁጥር ብቻ ነው ያነበበው።»

«አባቴም ሐኪሙን ዘግይተው ጠሩ» አለች ኢብቲሳም። በራሷ ቃል ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ዳለቲ እርጉዝ ሳለች ምን ትበላ ነበር?»

«እኛ ቤት?» አለች በኩራት። «ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ የገብስ ክክ። ከሰንጋዎቹ ጋር እኩል ነበር የሚቀርብላት። እንዲያውም ለእሷ እኔ ራሴ ነበርኩ የማቀርበው፤ አንድ ባልዲ ጨምሬ። ወገቧ ላይ ውሃ ቢፈስ አይወርድም ነበር።»

ባዳሳ ዐይኑን ወደ መሬት አወረደ። ነፋሱ ከግድግዳው ላይ የወረቀቱን ጠርዝ ያርገበግበዋል።

«ምን?» አለች።

«ለገበያ የሚደልብ ሰንጋ አይወልድም፣ ኢብቲሳም። እርጉዝ ጊደር እንደ ሰንጋ ስትደልብ ጥጃው ይገዝፋል፤ ስቡ ደግሞ መውጫውን ከውስጥ ያጠበዋል። ይኼ በየትኛውም ኮርማ ቁጥር ውስጥ አልተጻፈም።»

ኢብቲሳም የቦርሳዋን ማንገቻ ለቀቀችው። ቢሊሱማም አልቀለደችም። በመንገድ ላይ ባጃጅ ሳያስቆሙ፣ ሁለቱም ጭንቅላታቸውን በነፋሱ ላይ ደፍተው በእግር ሄዱ።

* * *

ቤት ስትደርስ መቀመጥ አልቻለችም። ሻይ ተቀዳላት፤ ሳትጠጣው ተነሳች። ወደ በረት ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። በአንድ ወገን የአባቷ ሰንጋዎች በሰፊ ጀርባቸው ተደርድረው ያመሰኳሉ። በዚህ ቤት ከብት የሚወደደው በባልዲ ነው፤ የወደዱትን ያበሉታል። እሷም ዳለቲን ወዳት ነበር።

ቡሬ ጥግ ላይ ቆማ ጭራዋን ታወናጭፋለች። መርፌው ሳይሠራባት አልቀረም፤ እሷም አላርፍ ብላለች። ኢብቲሳም በቡሬ ዳሌ ላይ እጇን ዘርግታ ለካች። እንደ እህቷ ጠባብ ነው።

እናቷ ረቢያ የፉርሽካ ባልዲ ይዘው መጡ። «ነገ ትልቅ ቀኗ ነው» አሉ፣ ለቡሬ ሊገለብጡላት እየጎነበሱ።

«እማ፣ ይቅርባት። ገለባና ሣር ይበቃታል።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም።» ባልዲውን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ለሰንጋዎቹ ገለበጠችው። ቡሬ አንገቷን አስግጋ በቅሬታ ተመለከተቻት። እናቷም እንደዚያው።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ከብቱ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ተሰብስቧል። በአጣና የተሠራው መያዣ ውስጥ አንድ በአንድ እየገቡ ይወጣሉ። ባዳሳ የቀዘቀዘው የኮርማ ዘር ያለበትን ጋን ክዳን በከፈተ ቁጥር ነጭ ጉም ይወጣና መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ሰዉ እግሩን ያሸሻል። «ከጋን ውስጥ ኮርማ ሲወጣ እንዲህ ነው!» ይላል አንዱ፣ ሌላው ይስቃል።

አባቷና አጎቷ በመያዣው ግራና ቀኝ ቆመዋል። አጎቷ የራሱን ላም፣ ብዙ ጊዜ የወለደችውን ጉራቲን ይዞ መጥቷል። አባቷ የቡሬን ገመድ ይዘዋል፤ ዐይናቸው ግን ወደ ጉሉማ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ኢብቲሳም ትናንት «ነገ እነግራችኋለሁ» ስላለች ብቻ ነው እዚህ የቆሙት።

«ዘይነዲን!» አለ አጎቷ በድንገት። ታላቅ ወንድሙን በስም ከጠራ ዓመት ሆኖታል። ስልኩን አውጥቶ የዝርዝሩን ፎቶ አሳየ። «ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ወይብ ይቅር። ይኼንን ተመልከት። ቶጎና ይባላል። ሲወለድ ያንሳል፤ ከሁሉም ያንሳል።»

አባቷ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ቆየት ብለው ግን፣ «ስንት ያንሳል?» አሉ።

«ሦስት ኪሎ!»

«ታዲያ ካነሰ ኮሳሳ ነው የሚሆነው።»

«በዓመቱ ሠላሳ አምስት ይበልጣል፣ ወላሂ! ወደ ወይብ ይጠጋል ማለት ነው።»

አባቷ ጢማቸውን ሳቡ። «ትንሽ ሆኖ ይወለድና ትልቅ ይሆናል?»

«እሱን ነው የምልህ!»

በመያዣው ውስጥ ያለችው ላም አጣናውን ረገጠችው። ከዚያ አባቷ የቡሬን ገመድ ወደ ግራ እጃቸው አዙረው ቀኙን ዘረጉ። «እንግዲህ ከሆነ… ቢስሚላሂ። ቶጎና ይሁን።»

አጎቷ እጃቸውን ጨበጠ፤ አልለቅ አለ። «ወንድሜ» አለ። ከኋላ የቆሙ ጎረቤቶች «አልሀምዱሊላህ!» አሉ። ጠቡን የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ «ዛሬ ምሳ አንድ ቤት ነው!» ብለው ፈረዱ።

የኢብቲሳም እግር እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህንን መጨባበጥ አንድ ዓመት ሙሉ ስትመኘው ኖራለች። አሁን መጣ፤ በቶጎና በኩል። ዝም ብትል ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል። ምናልባት ቁጥሩም ትክክል ይሆናል። ምናልባት።

ባዳሳ ሁሉንም ሰምቷል። እሱ ግን ለወንድማማቾቹ አልተናገረም። የጋኑን ክዳን በእጁ እንደያዘ፣ «ይህቺ ጊደር የማን ናት?» ሲል ጠየቀ።

«የእሷ ናት» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ፤ እጃቸው እንደተያያዘ።

«ወልዳ ታውቃለች?»

«አታውቅም» አለች ኢብቲሳም።

«የትኛው ኮርማ ይሁንልሽ?»

«ተስማምተናልኮ፣ ቶጎና!» አለ አጎቷ እየሳቀ። «እሷም ታውቀዋለች። አይደል፣ ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ? በይ ንገሪው።»

አባቷ ፈገግ ብለው ጠበቋት። እንዲህ ፈገግ ሲሉ ካየቻቸው ቆይታለች። «እናንተ እንዳላችሁ» የሚለው ቃል እንደገና መጣ፤ እንደ ልማዱ ቀላልና ዝግጁ ሆኖ። ቡሬ ወደ መያዣው አፍ ተጠግታ፣ እርጥብ አፍንጫዋን በኢብቲሳም ክንድ ላይ አሸች።

«አባ» አለች። የቡሬን ግንባር በመዳፏ ያዘች። «አባ፣ የቶጎና ቁጥር ገና ያልበሰለ ነው። ልጆቹን ገና ብዙ ሰው አላያቸውም። እንደተባለው ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ዳለቲ በሕይወት ብትኖር፣ ሁለት ቢሆኑልኝ፣ አንዷን እሞክርበት ነበር። አሁን ያለችኝ አንድ ናት።»

የአጎቷ ሳቅ ጠፋ። «ታዲያ የጉሉማ ኮርማ ልትይ ነው?»

«የጉሉማ ኮርማ ራሱ ያምራል፣ አጎቴ። ልጆቹ ሲወለዱ ግን ማንም አልመዘናቸውም። አባም አልመዘኑም።»

«እና?» አሉ አባቷ። ፈገግታቸው ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ሙሉ በሙሉም አልቆየም።

«ወይብ ለአጎቴ ላም ለጉራቲ ይሁንላት፤ ብዙ ወልዳለች፣ ትችለዋለች። ቡሬን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ፉርሽካ የሚሰጣት ሰው እንዳይኖር፤ እኔም ጭምር። ልትወልድ ስትል ሐኪሙ ጠዋቱኑ ይጠራ።»

ወንድማማቾቹ ተያዩ፤ እጃቸውን የመልቀቂያው ሰዓት መድረሱን አለመድረሱን ያላወቁ ይመስላሉ። ባዳሳ ክዳኑን አነሳ። ነጩ ጉም ተንዶ ወጥቶ በጫማዋ ላይ አለፈ፤ እግሯ ግን ከቆመበት አልነቃነቅም አለ።

«የኮርማውን ስም ንገሪኝ» አለ ባዳሳ።

«ሻያ» አለች ኢብቲሳም፣ ከኋላ የቆሙትም እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «ሲወለድ ሁለት ኪሎ ያንሳል፣ ቁጥሩም ብዙ ልጆቹ ተመዝነው የወጣ ነው፤ ለቡሬ ሻያን መርጫለሁ።»